ስለ ስሜት መዋዠቅ ሕመምና ስለ መጠጥ
(በወርኃዊ ስብሰባችን የተነበበ፤ ላልተገኙ አባላት እዚህ ተለጥፏል)



ዛሬ ከመዋጮና ከድንኳን ጉዳይ ወጣ ብለን ስለ ጤና ጥቂት እንናገራለን። ሐኪሞች አይደለንም። ሐኪም ጠይቀን የተረዳነውንና በሰፈራችን ያየነውን ነው የምናቀርበው። የአንድ አባላችንን ነገር የምናነሳውም ራሱና ቤተሰቡ ፈቅደውልን ነው፤ ስም አንጠራም።

ይህ አባላችን ዕቁብ ደረሰው። ገንዘቡ ለጣራ ቆርቆሮ የታሰበ ነበር። በዚያ ሳምንት ሌሊቱን ሲያወራና ሲያቅድ ያድራል፣ ጠዋት ግን ድካም አይታይበትም። በሦስት ቀን ገንዘቡ አለቀ። የት ገባ ብትሉ፣ በየጠጅ ቤቱና በየአረቄ ቤቱ ያገኘውን ሁሉ ጋብዞበት ነው። ከተጋበዙት ውስጥ እኛም ነበርንበት። «ምን ዓይነት ቸር ሰው ነው!» እያልን ጠጣን። ብዙም ሳይቆይ ያው ሰው ከቤት አልወጣም አለ፣ ምግብ ተወ፣ መኖር አስጠላኝ አለ። ያኔ ደግሞ «ገንዘቡን ጨርሶ አፈረ» ብለን ተሳለቅንበት። ጥፋተኞች ነበርን።

ሕመሙ ባይፖላር ይባላል። አንድ ጊዜ ስሜትን ከመጠን በላይ ያንራል፤ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ያስለፈልፋል፣ ገንዘብ ያስበትናል። ሌላ ጊዜ ሰውን ጨለማ ውስጥ ይጥለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም 40 ሚሊዮን ሕመምተኞች እንደነበሩ ገልጿል። በተደረጉት ጥናቶች ከእነዚህ ሕመምተኞች ከአምስት ወንዶች ሁለቱ ያህል፣ ከአምስት ሴቶች አንዷ ያህል በዕድሜያቸው የመጠጥ ችግር ደርሶባቸዋል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው መገኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው «ቆይ፣ ነገ ምን ይመጣል?» ብሎ ራሱን የሚይዝበት ልጓም አለው። ሕመሙ ልጓሙን ያላላል፤ መጠጥም ያላላል። ሁለቱ ሲገናኙ ሰውየው ሳያስብ ይሸጣል፣ ይሰጣል፣ ይጣላል። ስሜቱ ከተረጋጋም በኋላ ችኮላው ጨርሶ ላይለቅ ይችላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብንለው፣ በምክር ብቻ አይመለስም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በጨለማው ጊዜ የሚመጣ ችኮላ ነው፤ በአንድ ክፉ ሰዓት ሰው በራሱ ላይ እጁን ሊያነሳ ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሕክምና አለው። አማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ የአእምሮ ሕክምና ባለበት ሌላ ሆስፒታል ይወሰድ። ጠበል የሚሄድም መድኃኒቱን አያቋርጥ።

ሁለተኛ፣ ሊቲየም የሚወስድ ሰው ደሙን በየጊዜው ያስመርምር። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ሲበዛ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያንገዳግዳል፣ ምላስ ያስራል። ትውከትና ተቅማጥ ሲኖር ይህ ሊመጣ ይችላል። «ሰክሮ ነው» ብለን እንዳናልፈው፤ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይድረስ።

ሦስተኛ፣ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረን ሰው «ከዛሬ ጀምሮ ተው» ብለን በር አንዝጋበት። በድንገት ሲያቆም እስከ መንፈራገጥ የሚያደርስ አደጋ አለው። መጠጡንም በሐኪም ምክር ይተው።

አራተኛ፣ መኖር አስጠላኝ የሚልን ሰው ብቻውን አንተወው። የተባይ መርዝና ገመድ ከአጠገቡ ይራቅ፣ ያንኑ ቀን ሐኪም ይየው።

አምስተኛ፣ በሐዘንም ሆነ በድግስ «አንድ ብርሌ ብቻ» እያሉ ማስጨነቅ ይቅር። አልጠጣም ላለ ሰው ውኃ ወይም ለስላሳ ይቅረብለት፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅ።

በመጨረሻ የምናቀርበው ሐሳብ ከራሱ ከአባላችን የመጣ ነው። «ደኅና በሆንኩበት ጊዜ እፈርማለሁ፤ ዕቁብ ሲደርሰኝ ገንዘቡን ባለቤቴ ባለችበት ስጡኝ» ብሎናል። ደስ ብሎን ተቀብለናል። ሌላም እንዲህ የሚፈልግ አባል ካለ ለብቻው ያነጋግረን፤ ምስጢሩ ይጠበቃል።

አባላችን ዛሬ ክትትሉን አላቋረጠም። የቤቱ ጣራ ግን አሁንም ያፈሳል። ከጠጅ ቤቱ ግብዣ የተካፈልን ሁሉ፣ ክረምት ሳይገባ ለቆርቆሮው ብናዋጣ ዕዳችንን መክፈላችን ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም። መዝገቡ በጸሐፊው ዘንድ ተከፍቷል።



የማኅበሩ ጸሐፊ