«አመሰግናለሁ» እንቢታ ሲሆን
(ለቋንቋ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ ፖርቱጋልኛ ሰዋስው ልናገር አልተነሣሁም፤ የግሱን እርባታ መምህሮቻችን ያስተምሩናል። እኔ የማነሣው፣ ሰው ቡና ጠጣ ሲለን እንዴት አድርገን እንቢ እንደምንል ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ፖርቱጋልኛ አንዱ የሥራ ቋንቋው በሆነው በአፍሪካ ኅብረት ምክንያት፣ እዚሁ አዲስ አበባ ከአንጎላና ከሞዛምቢክ ሰዎች ጋራ መገናኘታችን አይቀርም፤ ወደ ሊዝቦን ወይም ወደ ብራዚል ለትምህርት የሚሄድም ይኖራል። ግስ የሚያፋልስ እንግዳ ይታረማል፤ እንቢታው የሻከረ እንግዳ ግን ማንም ሳያርመው «ኩሩ ነው» ተብሎ ይቀራል።

በመጀመሪያ «ኦብሪጋዱ» የሚለውን ቃል እንመልከት። «አመሰግናለሁ» ማለት እንደ ሆነ ሁላችን እናውቃለን። ከሥሩ ሲመረመር ግን «ባለ ዕዳ ሆኛለሁ፣ ውለታ ገብቶብኛል» ማለት ነው፤ ስለዚህም ወንድ «ኦብሪጋዱ» ሲል ሴት «ኦብሪጋዳ» ትላለች። አንድ የሊዝቦን ሰው «ቡና ትፈልጋለህ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እጁን ትንሽ አንሥቶ «ኦብሪጋዱ» ብቻ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ እንቢ እንዳለ ይቈጠራል። እንግዲህ ቡናው አምሮት «ኦብሪጋዱ» ብሎ የተቀመጠ ተማሪ ሲኒው ሳይመጣለት ቢቀር፣ ባለቤቱን በንፉግነት አይማው። የፈለገ ሰው አስቀድሞ «አሴይቱ»፣ ማለት «እቀበላለሁ» ይበልና ምስጋናውን ያስከትል።

የማይፈልግ ደግሞ «ናውን» ብሎ ብቻ አይቁም፤ ባዶ «አይ» በእነሱም ዘንድ እንደ ቁጣ ይሰማል። ምስጋና ይከተለው፤ ከምስጋናውም በኋላ «አሁን ምሳ በልቼ መምጣቴ ነው» እንደ ማለት ያለ አጭር ምክንያት ይጨመር። ምክንያቱ ከረዘመ ሰበብ ይመስላል። ከዚህም ላይ «ፊካ ፓራ ፕሮሲማ» የሚሉት ቃል አላቸው፤ «ለሚቀጥለው ጊዜ ይቈይልኝ» እንደ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው፤ ቡናውን እንጂ ሰውየውን እንዳልገፋን ያስረዳልና። በማዕድ ላይ ጨምር ሲባሉ ብራዚላውያን «ሳቺስፌይቱ»፣ ሴት ከሆነች «ሳቺስፌይታ» ይላሉ፤ «ረክቻለሁ» ማለት ነው። «ሼዩ»፣ «ሞልቻለሁ» የሚለው ግን ለቅርብ ወዳጅ ካልሆነ በቀር ሻካራ ነው፤ «ሰልችቶኛል» ተብሎም ሊተረጐም ይችላል፤ ባለቤቲቱ ወጡን ይሁን እርሷን እንደ ሆነ ግራ ይገባታል!

ደግሞ እንቢታ የሚጠበቅበት ግብዣ አለ። ፖርቱጋል ውስጥ የሚበላ ሰው አጠገቡ ለደረሰ «ኤ ሰርቪዱ?» ይለዋል፤ እኛ «እንብላ» እንደምንለው ያለ ነው። የተለመደው መልስ «ኦብሪጋዱ፣ ቦን ፕሮቬይቱ»፣ ማለት «አመሰግናለሁ፣ ይስማማህ» ነው እንጂ ወንበር ስቦ መቀመጥ አይደለም። የእኛ ሰው «በሞቴ» ብሎ ጐትቶ ያስቀምጥ ይሆናል፤ እዚያ መንገድ ላይ «በሞቴ» የሚጠብቅ ግን ጦሙን ይውላል።

ብራዚል ውስጥም ሲሰነባበቱ «ፓሳ ላ ኤን ካዛ»፣ «እቤት ብቅ በል» መባባል የተለመደ ነው። ይህን እንቢ ለማለት መጨነቅ አያስፈልግም፤ ፈገግ ብሎ እሺ ማለት ይበቃል፤ ቀን ካልተቈረጠ ራት ሠርቶ የሚጠብቅ የለም። ቀንና ሰዓት ተነግሮ እንደ ሆነ ግን ግብዣው የምር ነውና፣ መሄድ የማይችል ሰው «ፊካ ፓራ ፕሮሲማ»ን የሚያወጣው ያን ጊዜ ነው።