የሥነ ልቡና ፈተና፤ አመጣጡና በደቡብ ኦሞ ያለው ተገቢነት

(በቱርሚ ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ሥነ ልቡና ፈተና ሊናገር ሲነሣ «እሱን ምን አገባው?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የፓምፕ ጠባቂው፣ የማሽን ረዳቱ፣ የመጋዘን ሠራተኛው የሚቀጠረው በእኛ ፊርማ ነው። ለዚህም ሥራ «የችሎታ መለኪያ» የሚል ርእስ የተጻፈበት ወረቀት ከየዋና መሥሪያ ቤቱ ይላክልናል። በወረቀቱ ላይ የተያያዙ ማርሾች ሥዕል አለ፤ የመጀመሪያው ወደ ቀኝ ቢዞር አራተኛው ወዴት እንደሚዞር ይጠየቃል። የተጣጠፈ ካርቶን ሥዕል አለ፤ ሲዘረጋ ከአራቱ ቅርጾች የትኛውን እንደሚመስል ይጠየቃል። ከዚህ አካባቢ የመጣው አመልካች አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል፤ ከሌላ ከተማ የመጣው ያልፋል፤ እኛም እንፈርማለን። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ነገር ይህ ወረቀት ከየት እንደመጣና በቱርሚ ምን እንደሚለካ ነው። ዓመታቱን ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ1884 በለንደን በተደረገው የጤና ኤግዚቢሽን ላይ አንድ የመለኪያ ክፍል ከፍቶ፣ ሦስት ፔኒ የከፈለውን ጎብኚ ሁሉ የእጁን ጉልበት፣ የዓይኑን ጥራት፣ ድምፅ ሰምቶ መልስ ለመስጠት የሚፈጅበትን ጊዜ እየለካ ይመዘግብ ነበር። ከ9,000 በላይ ሰዎች ተለኩ። ልኬቱ በጥንቃቄ የተደረገ ነበር፤ ሆኖም ከዚያ ሁሉ ቁጥር ውስጥ ማን በትምህርት እንደሚገፋ፣ ማን እንደሚደክም ሊታወቅ አልቻለም።

ሥራ ላይ ሊውል የቻለው ፈተና የመጣው ከፈረንሳይ ነው። የፈረንሳይ የትምህርት ሚኒስቴር በ1904 አንድ ኮሚሲዮን አቋቁሞ፣ በመደበኛው ክፍል መከታተል ያልቻሉና ልዩ እርዳታ የሚያሻቸው ሕፃናት የሚለዩበትን መንገድ አስጠና። አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን በ1905 ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደሩ 30 ጥያቄዎች አቀረቡ፤ በ1908 ደግሞ ጥያቄዎቹን በየዕድሜው ከፋፈሏቸው። ቢኔ የተጠነቀቀለት አንድ ነገር አለ፤ ለእኛ ለመሐንዲሶች ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበውም ይኸው ነው። አእምሮ እንደ ርዝመት አንዱን በሌላው ላይ አጋድመው የሚለኩት ነገር ስላልሆነ፣ የእርሱ መሰላል ደረጃ ያሳያል እንጂ በእውነተኛው የቃሉ ትርጉም ልኬት አይደለም ብሎ ነበር።

ቢኔ በ1911 ሞተ፤ ጥንቃቄውም አብሮት የተቀበረ ይመስላል። በ1912 ጀርመናዊው ዊልያም ሽቴርን የሕፃኑን የአእምሮ ዕድሜ ለትክክለኛው ዕድሜው አካፈለው። በ1916 አሜሪካዊው ሉዊስ ተርማን ውጤቱን በ100 አባዝቶ «አይ ኪው» የሚባለውን ቁጥር በዓለም ላይ አሠራጨ። የዛሬው አይ ኪው ግን በማካፈል የሚገኝ አይደለም። ዴቪድ ዌክስለር በ1939 ካወጣው ፈተና ወዲህ፣ ተፈታኙ ከዕድሜ እኩዮቹ አማካይ ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳይ ነው፤ አማካዩ 100፣ መደበኛ ልይይቱም 15 ሆኖ ተወስኗል። እንግዲህ ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው እኩያ ተብለው የተመረጡት ሰዎች በእርግጥ የተፈታኙ እኩዮች ከሆኑ ብቻ ነው።

ይህ ነገር ሲዘነጋ ምን እንደሚከተል የአሜሪካ ጦር አሳይቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1917 እና በ1918፣ በሮበርት የርክስ መሪነት 1.7 ሚሊዮን ያህል ወታደሮች ተፈተኑ። ማንበብ ለሚችሉት «አልፋ»፣ ለማይችሉት «ቤታ» የተባለ ፈተና ተዘጋጀ። ቤታ ቃል የሌለበት በመሆኑ ለሁሉ እኩል ነው ተባለ። የጎደለውን ሙላ ከተባለባቸው ሥዕሎች መካከል መረብ የሌለው የቴኒስ ሜዳና ቀንዱ የጎደለ የሸክላ ማጫወቻ ይገኙ ነበር። ቴኒስ አይቶ የማያውቅ የሲሲሊ ገበሬ መረቡን ባለመሣሉ ጅል ተባለ ማለት ነው። ካርል ብሪገም በ1923 ከዚሁ ውጤት ተነሥቶ ዘርን ከዘር የሚያበላልጥ መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1930 ግን መደምደሚያው መሠረት እንደሌለው ራሱ በጽሑፍ አስታወቀ። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ማስተባበያውን አንብቦታል ለማለት ይከብዳል።

በሙያችን ቋንቋ ልናገር። የኮንክሪት ኪዩብ በ28ኛው ቀን ስንሰብር፣ ከአንድ ድብልቅ የተወሰዱ ሦስት ኪዩቦች ተቀራራቢ ውጤት ከሰጡ ፈተናው አስተማማኝ ነው እንላለን። ነገር ግን ኪዩቡ በላቦራቶሪ ውኃ ውስጥ ከርሞ፣ ምሰሶው በቱርሚ ፀሐይ ውኃ ሳይጠጣ ደርቆ ከሆነ፣ የኪዩቡ ቁጥር የቱንም ያህል ቢደጋገም ስለ ምሰሶው አይመሰክርም። የመጀመሪያው አስተማማኝነት፣ ሁለተኛው ተገቢነት ይባላል። በሥነ ልቡና ፈተናም እንዲሁ ነው። ከላይ ያነሣሁት የማርሽ ወረቀት ዛሬም ነገም ለአንድ ሰው አንድ ዓይነት ነጥብ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ ግን ስለ ፓምፕ ጠባቂነቱ ምንም አያረጋግጥም።

አሁን ወደ አገራችን፣ እንዲያውም ወደ ጎረቤታችን ልምጣ። በ1972 ያን ዴሬጎቭስኪ የተባለ የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ምሁር ሙልድሮው ከሚባሉ ሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በምኢኒት ሕዝብ መካከል የተደረገ ጥናት አሳተመ። ምኢኒቶች ከኦሞ ወንዝ ማዶ በምዕራብ በኩል የሚኖሩ፣ ቋንቋቸውም እዚህ በደቡብ ኦሞ ከሚኖሩት ከቦዲዎች ጋር አንድ የሆነ ሕዝብ ናቸው። ሥዕል ከማያውቁት ሰዎች ለአንዳንዶቹ ከሕፃናት መጽሐፍ የተወሰደ ሥዕል ያለበት ገጽ ተሰጣቸው። ዳሰሱት፤ አሸተቱት፤ ሲንኮሻኮሽ ጆሯቸውን ሰጡት፤ ቀመሱት። ሥዕሉን ግን አላዩትም። ወረቀት ለእነርሱ አዲስ ዕቃ ስለነበረ የመረመሩት ወረቀቱን ነበር፤ ይህም በእኔ አስተያየት የአንድ ጥሩ ተመራማሪ ጠባይ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን በመገንዘብ የእንስሳቱን ሥዕል በሚያውቁት ነገር፣ በሻካራ ጨርቅ ላይ፣ በትልቁ አሳሉት። በዚህ ጊዜ አብዛኞቹ እንስሳቱን ለይተው ተናገሩ። አንዳንዶቹ ግን በአንድ አፍታ አልነበረም፤ ጣታቸውን በሥዕሉ ላይ እያስኬዱ «ይህ ጅራት ነው፤ ይህ እግር ነው፤ ይህ ቀንድ ነው» እያሉ ክፍል በክፍል ገጣጥመው ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ብቆይ ይፈቀድልኝ። ፈተናው በወረቀት ብቻ ቢቀር ኖሮ መዝገቡ «ሥዕል መለየት አይችሉም» ይል ነበር። ሰዎቹ ሳይለወጡ፣ የተለወጠው ዕቃው ሆኖ ሳለ ውጤቱ ተገለበጠ። ይሁን እንጂ ችግሩ በጨርቁ ሁሉ በሁሉ ተወግዷል ማለት አይደለም፤ የተገጣጠመው ንባብ እንደሚያሳየው፣ ጠፍጣፋ መሥመርን እንደ አካል አድርጎ ማየት ራሱ በልምምድ የሚገኝ ነው። የማርሹ ወረቀት ይህን ልምምድ ከማንም እንደማይለይ አድርጎ ይወስዳል።

ፈተናውን ብንገለብጠው ደግሞ እንመልከት። ጃፓናዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ካትሱዮሺ ፉኩይ በ1970ዎቹ በቦዲዎች መካከል ተቀምጦ፣ ቀለም የተቀቡ ካርዶች እያሳየ ስማቸውን ይጠይቅ ነበር። መልሱ ከከብት መልክ የተወሰደ ሆኖ፣ ታዳጊ ልጆች ሳይቀሩ ያለማመንታት የሚሰጡት ነበር። የቀለሙን ዓይነት ብቻ ሳይሆን ነጠብጣቡንና ዝንጉርጉሩን የሚለይ ስያሜ አላቸው፤ ከየትኛው ኮርማና ከየትኛዋ ላም ምን መልክ ያለው ጥጃ እንደሚወለድም እያሰቡ ያራባሉ። ከእኛ መካከል በዚህ ፈተና 50 ከመቶ የሚያገኝ አለ ብዬ አላምንም። እዚሁ ቱርሚ ላይ፣ የሐመር ወጣት ከብት የሚዘልበት ቀን ሲወሰን ለዘመድ የሚላከው ጥሪ ቋጠሮ ያለበት ክር ነው፤ ተጠሪው በየቀኑ አንድ ቋጠሮ እያስወገደ ቀኑን ሳይስት ይደርሳል። በካስኬ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ ውኃ ለማውጣት የሚቆፍሩትን ሴቶች ደግሞ ከእኛ ይልቅ የውኃ ባለሙያዎች ያውቋቸዋል።

በላይቤሪያ በክፔሌ ሕዝብ መካከል የተደረገው የማይክል ኮልና የባልደረቦቹ ጥናትም በዚህ መንገድ የሄደ ነው። በ1971 በታተመው መጽሐፋቸው እንደተገለጸው፣ 20 ዕቃዎች ለገበሬዎች ቀርበው የሚዛመዱትን አንድ ላይ አድርጉ ተባሉ። ፈታኞቹ የጠበቁት ምግቡ ከምግብ፣ መሣሪያው ከመሣሪያ ጋር እንዲሆን ነበር፤ ገበሬዎቹ ግን ቢላዋውን ከብርቱካኑ ጋር አደረጉ፤ ቢላዋ ብርቱካን ይቆርጣልና። አስተዋይ ሰው እንዲህ ያደርጋል አሉ። በመጨረሻ «ሞኝ ሰውስ እንዴት ያደርግ ነበር?» ተብለው ቢጠየቁ፣ ፈታኞቹ የፈለጉትን ክምር አስተካክለው ሠሩላቸው።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ፈተና ይቅር የሚል ቢኖር ግን አልስማማም። ፈተና በሌለበት የሚቀጥረው ዝምድና ነው፤ ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም። ፈተና ከሥራው ከተቀዳ ደግሞ ይሠራል። የአሜሪካ አየር ኃይል በ1943 ከ1,000 በላይ አመልካቾችን ነጥባቸውን ሳይመለከት ወደ አብራሪነት ሥልጠና አስገባ፤ ዝቅተኛ ነጥብ ከነበራቸው አብዛኞቹ ሥልጠናውን ሳይፈጽሙ ወጡ። ከዚህ የምወስደው ዋና ነገር የቁጥሩን ያህል ድፍረቱን ነው። የወደቀውን ሁሉ ወደ ቤቱ የሚሰድ መሥሪያ ቤት ወረቀቱ ትክክል ይሁን ስሕተት የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የሚያየው ያለፉትን ብቻ ነውና። ወደ እኛ ሥርዓት ከመጣን፣ የቅኔ ተማሪ መምህሩ ፊት ቆሞ የራሱን ቅኔ ካልቆጠረ፣ የድጓ ተማሪም ቤተልሔም ወርዶ ካላስመሰከረ ማንም መምህር አይለውም። አባቶቻችን ሙያን በሙያ ይፈትኑ ነበር።

የትምህርት ቤት ፈተናን በተመለከተ ብዙ አልልም። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር ከተማሪው ይልቅ ስለ ትምህርት ቤቱ የሚናገር ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ክርክሩን ለመምህራን ማኅበር እተዋለሁ።

እንግዲህ ለፓምፕ ጠባቂ ቅጥር የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ በመንደር ሰው እንዲጠገን ታስቦ የተሠራ ስለሆነ አብዛኛው ሥራው በአንድ መፍቻ ይፈጸማል። አሠልጣኙ በአመልካቹ ፊት አንድ ጊዜ ፈትቶ፣ ያረጀውን ጎሚኒ ለውጦ ይግጠም። ከዚያ አመልካቹ ራሱ ይፍታ፤ ከቀረቡለት ጎሚኒዎች ያረጀውን ይለይ፤ ይግጠም። ሁለት ተመልካቾች ሳይመካከሩ ነጥብ ይስጡ፤ ነጥባቸው ካልተቀራረበ የሚስተካከለው መስጫው እንጂ ሰውየው አይደለም። ከሳምንት በኋላ ያለማስጠንቀቂያ ይደገም፤ የሚፈለገው የተማሩትን ይዞ መቆየት ነውና። ዝቅተኛ ነጥብ ካገኙትም ጥቂቶቹ ይቀጠሩና የሁሉም ፓምፖች የብልሽት መዝገብ በዓመቱ ከነጥባቸው ጋር ይመሳከር።

የሚቀረው የአስተርጓሚው ጉዳይ ነው። አስተርጓሚያችን አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ አመልካች ዘመድ ወይም የሌላው ባላንጣ ነው፤ በሐመርኛ አንዲት ቃል ቢጨምር ወይም ቢያስቀር እኛ አናውቅም። ስለዚህ መመሪያው በአማርኛ ከተጻፈ በኋላ አንዱ ወደ ሐመርኛ፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ ወደ አማርኛ ይመልሰው። ሁለቱ ከተገናኙ፣ መመሪያው በድምፅ ተቀርጾ ለሁሉም አመልካች ያው አንዱ ድምፅ ይሰማ። ለዚህ የእጅ ስልክ መቅጃ ይበቃል።