ትንሿ ሎኮሞቲቭ፦ የናፍጣ ባቡራችንን በአነስተኛ ምጣኔ ስለመሥራት

በሞላሌ ከተማ የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



ሐዲድ በማያልፍባት ከተማ ስለ ባቡር፣ ያውም መዳፍ ላይ ስለሚቀመጥ ባቡር ለመናገር መቆሜ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ለመንዝ ከሁሉ የሚቀርበው ሐዲድ ከገደሉ በታች፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል የተዘረጋው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ነው፤ እርሱም ለኤሌክትሪክ ባቡር የታቀደ ነው። ዛሬ የማነሣው ከእርሱ በፊት ስለነበረው፣ ዘመኑ ስላለፈውና እምብዛም ተቆርቋሪ ስላላገኘው የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነው። ጉዳዩን የምመለከተው ደግሞ ባልተለመደ መስኮት በኩል፣ ማለትም በሞዴል ባቡር አፍቃሪዎች ምኞት በኩል ነው።

በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን የባቡርን አነስተኛ አምሳያ መሰብሰብና መሥራት ለአዋቂዎች የተከበረ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። እነዚህ ሰዎች ባቡር የሚመስል ነገር ሁሉ አያረካቸውም። የሚፈልጉት አንድ የታወቀ ሎኮሞቲቭ፣ በአንድ በታወቀ ዓመት፣ በዚያን ጊዜ በነበረው ቀለምና ቁጥር ተሠርቶ እንዲቀርብላቸው ነው። ትንሽነቱ የሚወሰነው በምጣኔ ነው። እጅግ የተለመደው ኤች ኦ የሚባለው ሲሆን የእውነተኛው ባቡር 1/87ኛ ነው፤ ከእርሱ የሚያንሰው ኤን ደግሞ 1/160ኛ ነው። 784 ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ አሮጌ መስመር በኤን ምጣኔ ቢሠራ 4.9 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ እስከ አዲስ አበባ ያለው ከፍታም ከ14 ሜትር ይበልጣል። አንድ ሰው በሳሎኑ ሊጨርሰው የሚችል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ አፍቃሪው ሁልጊዜ አንድ ጣቢያ፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ ሎኮሞቲቭ ለመምረጥ ይገደዳል።

በአነስተኛ ምጣኔ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ የሚወደድበት ሜካኒካዊ ምክንያት አለ። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ መንኮራኩሮቹን የሚያያይዙ ዘንጎች በውጭ የሚታዩና የሚንቀሳቀሱ ስለሆኑ 160 ጊዜ ሲያንሱ እንደ መርፌ ይቀጥናሉ። የናፍጣው ግን ከላይ ሲታይ በሁለት ቦጂ ላይ የተቀመጠ ሣጥን ነው፤ ቦጂ ማለት መንኮራኩሮቹን አቅፎ በኩርባ ላይ ራሱን የሚያዞረው ጋሪ ነው። ሞተሩ መካከል ላይ ይቀመጣል፣ ኃይሉም በሁለቱም በኩል በጥርስ ወደ ቦጂዎቹ ይወርዳል። ለምሕንድስና ተማሪዎች ከዚህ የበለጠ ደስ የሚለው የክብደቱ ነገር ነው። ርዝመት በ160 ሲካፈል ይዘት የሚካፈለው በ160 ኩብ፣ ማለትም በ4,096,000 ነው። 50 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ በትክክል ቢታነስ 12 ግራም ብቻ ይሆናል፤ ይህ ክብደት ሐዲድ ቆንጥጦ ፉርጎ መጎተት አይችልም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከፕላስቲኩ ልባስ ሥር ከባድ የብረት አካል ይደብቃሉ። አምሳያው ታማኝ የሚሆነው ለዓይን ነው፤ ለሚዛን ግን ሆን ብሎ ይዋሻል።

አፍቃሪዎቹ «ይህ ይሠራልን» የሚሉትን ይዘረዝራሉ፣ ፋብሪካዎቹም ያዳምጣሉ። ማዳመጥ ግን መሥራት አይደለም። የፕላስቲክ ልባስ የሚወጣበት የብረት ቅርጽ ውድ ነው፤ ወጪውም የመጀመሪያዋ አምሳያ ሳትሸጥ በፊት ይከፈላል። በዚህ ምክንያት ፋብሪካው የሚመርጠው በብዙ አገርና በብዙ ቀለም የሮጠን ሎኮሞቲቭ ነው፤ አንዱን ቅርጽ አሥር ጊዜ ቀለም እየለወጠ ይሸጠዋልና። አንድ ድሃ አገር ውስጥ፣ በአንድ መስመር ብቻ የሠራ ሎኮሞቲቭ በዚህ ሒሳብ ተራው አይደርሰውም። የእኛ ጉዳይ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገዱ ፈቃድ የተሰጠው በ1894 ሲሆን ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። የእንፋሎቱ ዘመን ፎቶግራፍና ዝና አለው። ከ2016 ወዲህ የመጣው የኤሌክትሪክ ባቡርም የምርቃት ሥነ ሥርዓትና ፊልም አለው። በሁለቱ መካከል፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል የአገሪቱን ቡና፣ ነዳጅ፣ ጨውና መንገደኛ የጎተተው የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ግን የእንጀራ ልጅ ሆኖ ቀርቷል። ጎብኚ የሚጠይቀው በጣሊያን ወረራ ዘመን ስለመጣችው ስለ ፊያት ሥሪቷ ሊቶሪና ነው፤ ቆንጆ ናት፣ አልክድም። ነገር ግን አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እኔ የምመርጠው የፈረንሣዩ አልስቶም የሠራውን፣ ቤ–ቤ የሚባለውን ባለ አራት አክስል የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነው። በፈረንሣዮች አመዳደብ አንዱ «ቤ» ሁለት ኃይል የሚያገኙ አክስሎች ያሉትን አንድ ቦጂ ያመለክታል፤ ስለዚህ ቤ–ቤ ሁለት እንዲህ ያሉ ቦጂዎች አሉት። ሸክሙን የጎተተው እርሱ ነውና በአምሳያም ቢሆን ቅድሚያ ይገባዋል።

ይህ ምርጫ ቴክኒካዊ ጥቅምም አለው። አንድ ሜትር በ160 ሲካፈል 6.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ዜድ ለሚባለው ከኤን ለሚያንሰው ምጣኔ የሚሠራው ሐዲድ ደግሞ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ በእውነተኛው ሐዲድ ላይ አራት ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው፤ ዓይን አያየውም። ስለዚህ አዲስ ቦጂና አዲስ ሞተር መፈልሰፍ አያስፈልገንም። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የዜድ አካል ተገዝቶ ላዩን የሚያለብሰው ቅርፊት በሦስት አውታር ማተሚያ ሊታተም ይችላል፤ የውድ ብረት ቅርጽ ጉዳይም በዚሁ ይቀራል። አልስቶም ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች የአንድ ሜትር ሐዲዶችም ሎኮሞቲቮች ስለሸጠ በሥራው የሚጠቀሙት አፍቃሪዎች የእኛዎቹ ብቻ አይሆኑም።

ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? ልኬቱ ነው። አምሳያ ሠሪ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ታሪክ ጸሐፊ ከሚጠይቃቸው የበለጠ ጥብቅ ናቸው። የአየር ማስገቢያው ወንፊት ስንት ረድፍ አለው? መሰላሉ በስተግራ ነው ወይስ በሁለቱም በኩል? በየትኛው ጥገና ጊዜ ነው የፊት መብራቱ የተለወጠው? ሰነድ መርማሪ «በዚያን ጊዜ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ተገዙ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ አምሳያ ሠሪው ግን እጁ ላይ ያለውን ጎን ባዶ ሊተወው አይችልም። የእነዚህን ሰዎች ምኞት ከቁም ነገር የምቆጥረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡት ዕቃዎች ደግሞ ለዘለዓለም አይቆዩም። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው የአሮጌው መስመር አገልግሎት ከተቋረጠ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። የድሬዳዋ ጥገና ቤት አሁንም የዚያ ዘመን መዘክር ነው፤ ነገር ግን ብረት ይዝጋል፣ መለዋወጫም ይበተናል። ሎኮሞቲቮቹን የነዱና የጠገኑ ሰዎች፣ የሥራ ቃላቸው ግማሽ ፈረንሣይኛ የሆነ ባለሙያዎች፣ ዕድሜያቸው ገፍቷል። «ለገሃር» የሚለው ስም ከፈረንሣይኛ መጥቶ በአንደበታችን ጸንቷል፤ የጥገና ቤቱ ቃላት ግን ያን ዕድል ላያገኙ ይችላሉ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ድምፁ ነው። የዛሬ ሞዴል ሎኮሞቲቭ የሚንቀሳቀሰው ከሐዲዱ በሚወስደው ኤሌክትሪክ ቢሆንም በውስጧ ያለች ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የእውነተኛውን ሞተር ድምፅ ታሰማለች፦ ሲነሣ፣ ሲያጓራ፣ አቀበት ላይ ሲያቃስት። ድምፁ የሚቀዳው ከራሱ ከሎኮሞቲቩ ነው። ቅርጹን ከፎቶግራፍ መልሶ መሥራት ይቻል ይሆናል፤ ዳግመኛ የማይነሣ ሞተርን ድምፅ ግን ከየትኛውም ሥዕል ማውጣት አይቻልም። በብዙ የአማራ ገጠሮች «ባቡር» የሚባለው የእህል ወፍጮው መሆኑን ታውቃላችሁ። ከሩቅ «ቱፍ፣ ቱፍ» ሲል የሰማ ሰው የናፍጣ ሞተር ድምፅ የአንድ አካባቢ ትዝታ መሆኑን ለመረዳት ማብራሪያ አይሻም። ወፍጮዎቹ ወደ መብራት ሲዞሩ የዚያን ድምፅ ቅጂ ማን አስቀረ?

«የሚበላ በሚቸግርበት አገር መጫወቻ ባቡር!» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ አጭር ነው፦ ለሎኮሞቲቭ የሚያስፈልገን ሜትር፣ ካሜራ፣ የድምፅ መቅጃና አንድ ሴሚስተር ነው። የመለካት ትምህርት በባዶ ክፍል ከሚሰጥ በእውነተኛ ማሽን ላይ ቢሰጥ ወጪው ያው ነው። ክህሎቱም ከባዶ አይጀምርም። እዚህ ሞላሌ ውስጥ ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና የሚሠራ፣ ጎማውን ከአሮጌ በረባሶ የሚቆርጥ ልጅ ማንም ሳያስተምረው ሁለቱን የሞዴል ሠሪ ጥያቄዎች ፈትቷል፦ የትኛውን ዝርዝር ልተው፣ የፊቱስ እግር እንዴት ይዙር? እኔ ብዙ ጊዜ ከተማሪዎቼ ሥዕል ይልቅ የእነዚያን ልጆች መሪ አድንቄአለሁ።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ ልግባ። ልኬቱ እጅግ የረቀቀ መሣሪያ አይፈልግም፤ በእውነተኛው ላይ የአንድ ሳንቲ ሜትር ስሕተት በኤን ምጣኔ 0.06 ሚሊ ሜትር፣ የፀጉር ውፍረት ያህል ነው። ስለዚህ ሁለት ተማሪዎች በተራ ሜትር ሊሠሩት ይችላሉ። መጀመሪያ ጠቅላላ ርዝመቱ፣ ከዚያም በሁለቱ ቦጂዎች መካከል ያለው ርቀትና በየቦጂው ውስጥ ያሉት አክስሎች ርቀት ይለካ፤ የሚገዛው አካል የሚመረጠው በእነዚህ ቁጥሮች ነውና። ቀጥሎ አራቱም ጎኖች ሜትር ተደግፎባቸው ፊት ለፊት ፎቶግራፍ ይነሡ። ጣሪያው አይረሳ፤ ሰው ሁሉ ጎኑን ያነሣና ጣሪያውን ይተዋል፣ አምሳያ ግን የሚታየው ከላይ ነው። ቀለሙ ከተላጠበት ቦታ ላይ ከሥር ያሉት የቀድሞ ቀለሞች በተራቸው ይመዝገቡ። አንድም ሞተር ቢሆን ሊነሣ የሚችል ካለ ባለሙያዎቹ ባሉበት ይቀዳ፤ እነርሱም እያንዳንዱን ክፍል በሚጠሩበት ስም እየጠሩ ሲያስረዱ ይቀዱ። ይህ ሁሉ ከባቡሩ ባለቤት ድርጅት በጽሑፍ ፈቃድ ሳይገኝ አይጀመርም፤ የማመልከቻውን ረቂቅ ለማዘጋጀት ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎች ከዚህ ጉባኤ በኋላ ስማቸውን ቢያስመዘግቡ ደስ ይለኛል።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም በድሬዳዋ መስመር የሠራ ዘመድ ያላችሁ፣ መድረኩ የእናንተ ነው።