ቦሎቄያችን ለምን ይጠወልጋል?

በአርሲ ነገሌ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቦሎቄ በሽታ ነው። ይህ ለእንዲህ ያለ ስብሰባ አይገባም የሚል ቢኖር፣ ጎተራው ባዶ የቀረበትን ጎረቤቱን ይጠይቅ። ቦሎቄ በሦስት ወር ገደማ ስለሚደርስ በቆሎው ሳይሰበሰብ ለቤት የሚደርስ እህል ነው። ቀዩ ለንፍሮ ይሆናል፤ ነጩ ወደ ውጭ አገር ስለሚላክ ለልጆች ደብተርና ለዕዳ መክፈያ ገንዘብ ያስገኛል።

በማሳው መካከል እዚህና እዚያ ጥቂት ተክሎች ሲጠወልጉ ብዙዎቻችን «ፀሐይ ነው» እንላለን። «ምች መታው» የሚልም አለ፤ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው የሚልም አይጠፋም። ድርቅ ቢሆን ማሳው በሞላ ይጠወልጋል፤ ዝናብ ሲያገኝም ቀና ይላል። ይህ በሽታ ግን በመጀመሪያ የታችኛውን ቅጠል ቢጫ ያደርጋል፤ ቢጫነቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዝናብ ቢዘንብም ተክሉ አያገግምም። ግንዱን ከሥሩ በላይ በቢላዋ ብትሰነጥቁት ውስጡ ቀላ ያለ ቡናማ መስመር ታያላችሁ።

ምክንያቱ ፉዛሪየም የሚባል በአፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ነው። በሥሩ ገብቶ ውኃ ወደ ላይ የሚወጣባቸውን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይደፍናል። ተክሉ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ በውኃ ጥም ይሞታል። በቅጠል ላይ የሚረጭ መድኃኒት የማይረዳውም ስለዚህ ነው፤ ለመድኃኒቱ ገንዘብ ያወጣ ወንድም ይህን ሲሰማ ቢያዝንም እውነቱ ይኸው ነው። ሥሩን ከውጭ የሚያበሰብስ ሌላ የፉዛሪየም ዓይነትም አለ፤ እርሱ በተለይ ውኃ የሚተኛበትንና የተጠቀጠቀ አፈርን ይወዳል።

ፈንገሱ ቦሎቄ ባይዘራበትም እንኳ ለብዙ ዓመታት በአፈር ውስጥ ይቆያል። ከማሳ ወደ ማሳ የሚሄደው በማረሻ ላይ በተጣበቀ ጭቃ፣ በበሬ ሰኮና፣ በጎርፍና በታመመ ገለባ ነው። በአንድ ቀን አምስት ማሳ የሚጎበኙ የእኛ ሠራተኞችም ጫማቸውን ሳያጠቡ ከሄዱ ያዛምቱታል።

የሚከብደው ነገር ደግሞ ይህ ነው። በችግር ዘመን እናንተ ትሰጣላችሁ፤ እኛም ከገበያ እህል ገዝተን ዘር ብለን ማደል ይቀናናል። የገበያ ጆንያ ግን ከብዙ ማሳ የተሰበሰበ ነው፤ ከፍሬው ጋር አቧራና የገለባ ስብርባሪ አለበት። በዚያ አቧራ በሽታው ወደ ንጹሕ ማሳ ሊገባ ይችላል። በጌታ ምሳሌ እንክርዳዱን ጠላት በሌሊት ዘራው፤ ይህንን ግን በቀን፣ ጸሎት አድርገን፣ በገዛ እጃችን የምናድለው እኛ ነን።

ስለዚህ ለዘር የሚሆን ቦሎቄ በወቅቱ ከተጎበኘ ጤናማ ማሳ መገዛት፣ መበጠርና በዘር መድኃኒት መታሸት አለበት። ይህ ዋጋውን ያስወድዳል። በዚያው ገንዘብ የምናዳርሰው ቤተ ሰብ ቁጥር ስለሚያንስ ሪፖርታችንን ስታነቡ ቅር ሊላችሁ ይችላል። እኛም ስም ዝርዝሩን ማሳጠር አይቀልልንም።

በሽታው ለገባበት ማሳ ቦሎቄን በቦሎቄ ላይ አትድገሙ። በቆሎ ወይም ስንዴ እያፈራረቃችሁ ዝሩ፤ አንድ ዓመት ብቻ ግን አይበቃም። የታመመውን ተክል ነቅላችሁ አቃጥሉ እንጂ መልሳችሁ አትረሱት። ከሁሉ የሚሻለው በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ነው፤ በሩዋንዳ አካባቢ በሽታው በበረታ ጊዜ ገበሬውን የረዳው ይኸው ነበር። በአገራችን የቦሎቄ ዝርያዎችን ከሚያወጡት አንዱ በ1969 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው፣ በአዳማ አቅራቢያ ያለው የመልካሳ ምርምር ማዕከል ነው።

የሚጠወልግ ተክል ስታገኙ ከነሥሩ ንቀሉት፤ አፈሩን እዚያው ማሳ ላይ አራግፉና በወረቀት ጠቅልላችሁ ለእርሻ ሠራተኛው ስጡ። በፕላስቲክ አይሁን፤ ይሻግታል።