በዳኛ ላይ የቀረበ አቤቱታ የት ይደርሳል?

እንግሊዝ አገር ፍርድ ቤት ቀርቦ የተረታ ሰው ሁለት ዓይነት ቅሬታ ይዞ ሊወጣ ይችላል። አንዱ «ዳኛው ማስረጃዬን ወደ ጎን ትተው ፈረዱብኝ» የሚለው ነው። ሌላው «ዳኛው ሰደቡኝ፣ እየተናገርኩ አንቀላፉ» የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ያለው መንገድ ይግባኝ ብቻ ነው። ለሁለተኛው ግን ሌላ በር ተከፍቷል። የዛሬው ዝግጅት የሚያተኩረው በዚያ በር መጨረሻ ላይ በሚገኘው ሹም፣ ማለትም በዳኞች ሹመትና ሥነ ምግባር እንባ ጠባቂ ላይ ነው።

ቢሮው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሕግ ነው፤ ሥራ የጀመረውም በዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ሎርድ ቻንስለር የሚባለው ባለሥልጣን የካቢኔ ሚኒስትር፣ የዳኞች የበላይና የሎርዶች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበር፤ ዳኞችንም የሚመርጠው እሱ ነበር። ሕጉ ይህን ሁሉ ሥልጣን ከአንድ ሰው እጅ አውጥቶ በተነው።

ሕጉ አንድ ለየት ያለ ክልከላም አስቀምጧል። ጠበቃ ሆኖ የሠራ ወይም በዳኝነት ያገለገለ ሰው እንባ ጠባቂ መሆን አይችልም። የመጀመሪያው ተሿሚ ሰር ጆን ብሪግስቶክ የባሕር ኃይል አድሚራል የነበሩ ሲሆኑ፣ ተተኪያቸው ፖል ከርናገን ደግሞ የሃምፕሻየር ፖሊስ አዛዥ ነበሩ። ዕድሜ ልኩን ተጠርጣሪ ለፍርድ ቤት ሲያቀርብ የኖረ ፖሊስ ለችሎት ፍጹም ባዳ ነው ማለት ይከብዳል፤ ምርመራ ተድበስብሶ ሲያልፍ ግን ቶሎ ይገባዋል።

በቤት ኪራይ ክርክር የተረታች አንዲት ሴት አለች እንበል። ዳኛው ጮኸውባታል፤ በአነጋገሯም ተሳልቀዋል። በሦስት ወር ውስጥ ለዳኞች ሥነ ምግባር ምርመራ ጽሕፈት ቤት አቤት ትላለች። ጽሕፈት ቤቱ «በቂ ማስረጃ የለም» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ይህን ባወቀች በ28 ቀን ውስጥ ወደ እንባ ጠባቂው መሄድ ትችላለች። እሱ «ዳኛው ጮኸዋል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ የችሎቱ የድምፅ ቅጂ ተሰምቷል? በቦታው የነበሩት ተጠይቀዋል? ለሴትዮዋ የተጻፈው መልስ ያቀረበችውን ነጥብ ይመልሳል? ምርመራው ጉድለት ካለበትና ጉድለቱ ውሳኔውን የማይታመን ካደረገው፣ ውሳኔውን ሽሮ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ይመልሰዋል። ፍርዱን ግን አይነካም፤ የኪራዩ ዕዳ እንዳለ ይቆያል። ብዙ አቤት ባዮች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ነው። ይኸው በር ለተከሰሰውም ዳኛ ክፍት መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ ምርመራው በደለኝ የሚል ዳኛም እዚያው አቤት ይላል።

የዳኞች ሹመት ጉዳይ ጠበብ ይላል። እጩዎችን የሚመለምለው 15 አባላት ያሉት ኮሚሽን ነው፤ ሰብሳቢውም የሕግ ባለሙያ አይደለም። ማመልከቻው በአግባቡ አልታየም የሚል ተወዳዳሪ መጀመሪያ ለኮሚሽኑ፣ ካልረካም ለእንባ ጠባቂው ያመለክታል። እንባ ጠባቂው በአሠራር ብልሹነት ለደረሰ ኪሳራ ካሳ እንዲከፈል ሐሳብ ሊያቀርብ ይችላል፤ ሹመቱን በማጣት ለቀረ ደመወዝ ግን አይችልም።

ወደ ሥነ ምግባሩ ስንመለስ፣ በዳኛው ላይ እርምጃ የሚወስዱት ሎርድ ቻንስለሩና ጠቅላይ ዳኛው ናቸው። በ2015 በፍርድ ቤት ኮምፒውተር የብልግና ምስል ያዩ ሦስት ዳኞች ተሰናብተዋል። የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ግን ያለ ሁለቱ ምክር ቤቶች ጥያቄ አይነሳም። በዚህ መንገድ የተነሱት ሰር ጆና ባሪንግተን ብቻ ናቸው፤ በ1830 የፍርድ ቤት ገንዘብ በማጉደል።

በኢትዮጵያ መንገዱ ሌላ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 መሠረት ዳኛን ከሥራ ለማንሳት የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ውሳኔና የምክር ቤት ማጽደቅ ያስፈልጋል። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ የመመርመር ሥልጣን የለውም።

ለንደን ወይም በርሚንግሃም ሆኖ አቤት የሚል አድማጭ የመዝገቡን ቁጥር፣ የችሎቱን ቀንና ዳኛው የተናገሩትን ቃል በቃል ጽፎ ቢይዝ ይረዳዋል። ስኮትላንድ ግን የራሷ አሠራር ስላላት፣ የግላስጎ ችሎት ቅሬታ በዚህ በር አይስተናገድም።