ማደሪያ ያለውን ያገለገለ መኪና ስለ መምረጥ
ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



የዚህ ንግግር ርእስ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ማጠራቀሚያ የተገጠመለት፣ ባለቤቱ ቀን እየነዳ የሚሄድበት፣ ሲመሽም የሚያድርበት መኪና ነው። ፈረንጆች ሞተርሆም ወይም ካምፐር ይሉታል። በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ እንዲህ ያለው መኪና በብዛት የሚታይ ባይሆንም፣ ጉዳዩ ለዚህ ሙያ ሰዎች እንግዳ ሊሆን አይገባም። አንድ ሰው ያገለገለ ኮስተር ወይም አሮጌ ላንድሮቨር ወደ ጋራዥ አምጥቶ፣ «ይህን ማደሪያ አድርጌ እንግዶችን ወደ ስሜን ተራሮች ላመላልስበት አስቤአለሁ፤ ልግዛው ወይስ ልተወው?» ብሎ በሚጠይቅበት ሰዓት መልሱ የሚጠበቀው ከባለሙያው ነው። ያ መልስ የአንድን ቤተ ሰብ የብዙ ዓመት ጥሪት፣ ከዚያም አልፎ የተሳፋሪዎችን ሕይወት የሚወስን ነው።

ከቦታ ቦታ የሚጓዝ ቤት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ አድርገው ከመቆርቆራቸው በፊት፣ ነገሥታቱ ለረጅም ዘመን የኖሩት አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን ነበር። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ድረስ በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዚህን ተጓዥ ሰፈር ሥርዓት በሰፊው ጽፎታል። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ፣ ሰፈረ ማለት ከሆነው «ከተመ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ቀኛዝማች፣ ግራዝማችና ደጃዝማች የሚሉት ማዕርጎችም የዚያን ሰፈርና ሰልፍ አቀማመጥ ያስታውሳሉ። ያን ሁሉ ጓዝ ዳገት የሚያወጣውና ቁልቁለት የሚያወርደው በቅሎና ተሸካሚ ነበር። በቅሎ የሚገዛ ሰው ደግሞ ኮርቻዋን አይቶ አይገዛም፤ ጥርሷን ያያል፣ ዳገትና ቁልቁለት ያስኬዳታል፣ የስርቆት እንዳትሆንም ሻጩን ዋስ ያስጠራዋል። በዛሬው ገበያ የጠፋው ይህ ጥንቃቄ ነው። ሻጩ ወይም ደላላው አልጋውን፣ መጋረጃውንና ምድጃውን ያሳያል፤ ገዢውም ኮርቻውን ተመልክቶ በቅሎዋን ይገዛል።

ገበያው ለምን አስቸጋሪ እንደ ሆነ በአጭሩ ማስታወስ ይጠቅማል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎችን ከውጭ ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ቀደም ብሎ አገር ውስጥ የገባው መኪና ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ዋጋው ይወርዳል ተብሎ አይጠበቅም፤ እየተጠገነ፣ ቀለም እየተቀባ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ማደሪያ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘውም በፋብሪካ የተሠራ ሞተርሆም ሳይሆን፣ ሰው ሲያመላልስ ወይም ዕቃ ሲጭን ኖሮ በኋላ አልጋ የተገጠመለት መኪና ነው።

እንግዲህ ምርመራው ከየት ይጀምር? ከመንገዱ ሊጀምር ይገባል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ ከደባርቅ ደጋ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ሲወርድ፣ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። አልጋውን፣ ዕቃውንና ሰዎቹን ጨምሮ 3,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል፣ ያው መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲበር ቆይቶ ወደ 40 ጊዜ ያህል በፍሬን ቢቆም ከሚወጣው ኃይል ጋር እኩል ነው። ከዚህ ኃይል ከፊሉን ነፋሱ፣ ጎማውና በዝቅተኛ ማርሽ የተያዘው ሞተር ይውጡታል፤ የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ በፍሬን ሸራውና በታምቡሩ ላይ ይከማቻል። የፍሬን ዘይትም ከአየር እርጥበት የሚጠጣ ነገር ነው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን በ140 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ እግሩ ወለል ይነካል፤ መኪናው ግን አይቆምም።

በመሆኑም በጎንደር ሜዳማ ጎዳና ላይ ጥሩ የሚይዝ ፍሬን ለሊማሊሞ ይበቃል ማለት አይደለም። መርማሪው ጎማዎቹን አስወልቆ የሸራውን ውፍረትና የታምቡሩን መሰንጠቅ ይመልከት፤ የፍሬን ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ይከተል፤ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ለግማሽ ደቂቃ አጥብቆ ረግጦ ይሰጥም እንደ ሆነ ይይ። የዘይቱ ዕድሜ ካልታወቀ እንዲለወጥ ያድርግ። ከዚያም የታሰበውን ያህል ክብደት ጭኖ፣ በመጠነኛ ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ ወርዶ ይሞክረው። ማርሹ በቁልቁለት ላይ ራሱን እየለቀቀ የሚወጣ ከሆነ፣ ካምቢዮው ሳይጠገን ያ መኪና ወደ ተራራ መሄድ የለበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሞተሩ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኘው የጨነቅ ሰፈር ደግሞ 3,600 ሜትር ያህል ነው። የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በጎንደር ወደ 19 ከመቶ፣ በጨነቅ ወደ 30 ከመቶ ይቀንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚሁ መጠን ገደማ ይደክማል። ስለዚህ በቆላ ከተማ ተሞክሮ «ዳገት አይፈራም» የተባለ አሮጌ ናፍጣ ሞተር፣ አልጋና የውሃ በርሜል ተጭኖበት ከደባርቅ በላይ ሲወጣ ሌላ ሞተር ሊመስል ይችላል። በከፍታ ላይ ጥቂት ጥቁር ጭስ መታየቱ አየር ማነሱን ሊያመለክት ስለሚችል ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ሰማያዊ ጭስ ግን ሞተሩ ዘይት እየበላ መሆኑን ያሳያል፤ ፋሻው ማለቁም ያጠራጥራል። ውሃም በጎንደር በ93 ዲግሪ፣ በጨነቅ በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ ሞተሩ ቶሎ ይፈላል፤ ቴስታታውም ሊቃጠል ወይም ሊጣመም ይችላል። ምርመራው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ሊደረግ ይገባል። ገዢው ሲደርስ ሞተሩ አስቀድሞ ሞቆ ከቆየው፣ ቀጠሮው ወደ ሌላ ቀን ቢተላለፍ ይሻላል።

ሦስተኛው ክብደት ነው። በዚህ ረገድ ማደሪያ መኪና ከተራ አውቶቡስ ይለያል። ተሳፋሪ ሲወርድ ክብደቱ አብሮት ይወርዳል፤ አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ባትሪውና ምድጃው ግን ሌት ተቀን ሻንሲውን ተጭነውት ይኖራሉ። መቶ ሊትር ውሃ መቶ ኪሎ ነው፤ በግማሽ የተሞላ በርሜል ደግሞ በየመጠምዘዣው እየተንቦጫረቀ መኪናውን ይገፋዋል። ከጣሪያ ላይ የሚጫን ዕቃ ሁሉ መኪናው ወደ ጎን የመገልበጡን አደጋ ይጨምራል። ስለዚህ ገዢው መኪናውን ሙሉ ጓዙን እንደ ያዘ፣ የፊቱንና የኋላውን እግር ለየብቻ በሚዛን ላይ አውጥቶ፣ ፋብሪካው ከፈቀደው ልክ ጋር ቢያስተያይ ብዙ ጸጸት ይቀርለታል። ባሌስትራዎቹ ተዘርግተው ቀጥ ካሉ ወይም በአንድ ወገን ካዘመሙ፣ መኪናው ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ኖሯል። የሻንሲው ስንጥቅ በብየዳና በአዲስ ቀለም ሊሸፈን ስለሚችል፣ በባሌስትራው መያዣዎች ዙሪያ ያለው ብረት ተፍቆ መታየት አለበት። ለመስኮት ወይም ለጣሪያ መክፈቻ ተብሎ የቦዲው ምሰሶ ተቆርጦ ከሆነም ያ መኪና ጥንካሬውን አጥቷል።

አራተኛው ማደሪያው ራሱ ነው። በስሜን ተራሮች፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች፣ ውርጭ ይወርዳል። ብርድ የጠናበት ሰው ደግሞ ከሰል አቀጣጥሎ ወደ ውስጥ ለማስገባት ይፈተናል። በተዘጋ መኪና ውስጥ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው እንደ ተኛ ይቀራል። ስለዚህ መርማሪው ሊደፈን የማይችል የአየር መግቢያና መውጫ መኖሩን ያረጋግጥ፤ ባለቤቱንም ከሰል ወደ ማደሪያው ፈጽሞ እንዳያስገባ ያስጠንቅቅ። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳልና ሲፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ በመሆኑም ሲሊንደሩ ከመኝታው በተለየ፣ ከታች ወደ ውጭ ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ መቀመጥ አለበት። ጣውላው በጣት ሲጫኑት የሚሰጥም ከሆነ ዝናብ ገብቶበታል።

አምስተኛው ሰነዱ ነው። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑ በዓይን ታይቶ ይረጋገጥ። ከቀረጥ ነጻ ወይም በጊዜያዊ ፈቃድ የገባ መኪና፣ ቀረጡ ሳይከፈል የተሸጠ ከሆነ የገዢው ገንዘብ አደጋ ላይ ወድቋል። የአውቶቡስ አካል ወደ ማደሪያ ሲለወጥ ለውጡ በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ታውቆ መመዝገቡ ይጠየቅ፤ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩም ይጣራ። በውክልና ላይ ውክልና እየተደራረበ የሚደረገው ሽያጭ በተለይ ጥንቃቄ ይሻል፤ ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመርሕ ደረጃ ይቋረጣልና፣ ገንዘቡን የከፈለው ሰው ከወራሾች ጋር ሙግት ሊገጥም ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ ስለ ዕቃው ጉድለት ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል። ዳሩ ግን ገዢው ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ማስታወቅ አለበት፤ እያወቀ ለተቀበለው ጉድለትም ዋስትና መጠየቅ አይችልም።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እርሱም መኪናው በቂ ሥራ ያገኛል ወይ የሚለው ነው። ስሜን በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ከተከለለና እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ጎንደርን የእንግዳ መነሻ አድርጓታል። ከካርቱም በመተማ በኩል የሚመጡ መንገደኞችም በየራሳቸው ማደሪያ መኪና ያልፉባት ነበር። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተነሡት ጦርነቶች፣ ከዚያም በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የተስፋፋው ግጭት ይህን የእንግዳ ጎዳና ክፉኛ ጎድተውታል። እንግዳ ይመጣል በሚል ተስፋ ብቻ ጥሪቱን በአንድ መኪና ላይ ያፈሰሰ ሰው፣ እንግዳው በቀረበት ዓመት ዕዳ ብቻ ታቅፎ ይቀራል። ስለዚህ ባለሙያው አልጋውና ሣጥኑ በብሎን ታስረው ሊወልቁ እንዲችሉ፣ የተሳፋሪ ወንበሩም ተጠብቆ እንዲቀመጥ ቢመክር፣ መኪናው ሕጋዊ ፈቃዱን እስካገኘ ድረስ በክፉ ዘመን ወደ ቀድሞ ሥራው ሊመለስ ይችላል።

ለባለሙያው የሚቀረው ግዴታ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ለገዢ የሚመረምር ሰው ከሻጭ ወይም ከደላላ አንዳች ክፍያ አለመቀበል ነው። ሁለተኛው፣ ያየውን በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ፣ ከነጉድለቱና ከነጥገና ዋጋ ግምቱ ማስረከብ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ገዢ በአልጋውና በመጋረጃው ተማርኮ ሊቸኩል ይችላል። ባለሙያው ግን አብሮት ሊቸኩል አይገባም። ከደባርቅ ቁልቁል የሚወርዱት ተሳፋሪዎች የታምቡሩን ስንጥቅ አያዩትም፤ ሊያይላቸው የሚችለው መኪናው ከመገዛቱ በፊት ጎማውን ያስወለቀው ሰው ብቻ ነው።