ቆጠራና የሥራ መንፈስ

በችግር ጊዜ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛን ስለ ማበረታታት በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር

የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ በዚህ አስቸጋሪ ጊዜ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችን የሥራ መንፈስ ስለ ማሻሻል እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ደመወዝ መናገር ነበር። ይሁንና ደመወዝ በእኛ በክፍል ኀላፊዎች እጅ ያለ ነገር ባለመሆኑ፣ ስለ እርሱ ብናገር ጭብጨባ አገኝ ይሆናል እንጂ፣ ነገ ጠዋት ወደ ሥራችን ስንመለስ የምንፈጽመው አንዳች ነገር አይኖርም። ስለዚህ በእጃችን ስላለ፣ ግን ብዙም ስለማንነጋገርበት ጉዳይ መናገርን መርጫለሁ፤ ይኸውም ሠራተኛው «መጽሐፍ ይጠፋብኛል» ብሎ ሲፈራ የሚውለው ፍርሃት ነው።

እንደሚታወቀው፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥር ባለ ቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ ሲገዛ እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ ሁሉ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋም ከወንበሩና ከጠረጴዛው ጋር ይቈጠራል። ነገር ግን ወንበር ከክፍሉ ሳይወጣ አገልግሎቱን ይሰጣል፤ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ መገዛቱ ከንቱ ነው። በቀን ስንት እጅ የሚያገላብጠውን ንብረት ፈርሞ የተረከበ ሠራተኛ፣ ከሚያነበው ሰው ይልቅ የሚሰርቀውን ሰው እያሰበ ቢውል አያስደንቅም። እኛም «ፊቱ የማይፈታ» እያልን እንወቅሰዋለን።

ቀደምት ጸሐፍቶቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ ይሻሉ ነበር። በብራና መጻሕፍት ላይ ተጽፎ የሚገኘውን ግዝት ያላየ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ግዝቱ የሚወርደው መጽሐፉን በሰረቀውና በፋቀው ላይ ነው፤ መጽሐፉን ለተማሪ አውጥቶ በሰጠው ዕቃ ቤት ጠባቂ ላይ የወረደ ግዝት እኔ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኛ ግን ግዝቱን አዙረን በጠባቂው ላይ አኑረነዋል።

ፍርሃቱ ከቀድሞው የበረታበት ምክንያት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በ40 ዶላር የሚገዛ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የማጓጓዣው ሳይታሰብ፣ ከ2,300 ብር ገደማ ወደ 4,000 ብርና ከዚያም በላይ ወጣ ማለት ነው። «በወቅቱ ዋጋ ይተካ» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ጀማሪ ሠራተኛ ከወር ደመወዙ ምን እንደሚተርፈው እናንተው ታውቃላችሁ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው የሰሜኑ ጦርነት መደርደሪያቸው የተራቆተባቸው ባልደረቦቻችን ጉዳይ ራሱን የቻለ ንግግር ስለሚያስፈልገው እዚህ አልገባበትም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። በ2011 ዓ.ም. በኀላፊነት እመራው በነበረ አንድ ቤተ መጻሕፍት የዓመቱ ቆጠራ ሲጠናቀቅ ከውሰት ክፍሉ መጻሕፍት ጐደሉ። በውሰት ጠረጴዛው ላይ ትሠራ የነበረች አንዲት ባልደረባችን የሦስቱን ዋጋ በየወሩ ከደመወዟ እንድትከፍል የሚያዝ ደብዳቤ ቀረበልኝ፤ ደንቡ ነው ብዬ ፈረምኩ። በተከታዩ የግማሽ ዓመት ሪፖርቴ ላይ ከዚያ ክፍል አንድም መጽሐፍ አለመጥፋቱን በኩራት ጻፍኩ። የውሰቱ ቁጥር እጅግ መውረዱን ግን አልጻፍኩም፤ ልብ አላልኩትምና።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን መግባቱ ሲታወቅ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የንባብ አዳራሻችንም ባዶ ሆነ። ሠራተኛው በፈረቃ ይገባ ነበር። ሥራ ፈትተን ከምንውል ብዬ፣ ቆጠራውን ከኮሚቴ እጅ አውጥተን ሁላችንም፣ እኔም ጭምር፣ መደርደሪያ ተከፋፍለን እንድንቈጥር ሐሳብ አቀረብኩ። አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ ተራርቀን፣ አንዱ ቁጥር እየጠራ ሌላው ከካርዱ ጋር እያመሳከረ ሳምንታት ቆየን። ጠፉ ከተባሉት አንዳንዶቹ ከመደርደሪያ ጀርባ ወድቀው ተገኙ፤ አንዳንዶቹ በተሳሳተ የመደብ ቁጥር ተደርድረው ነበር፤ ሌሎቹ በብጣሽ ወረቀት ፈርመው በወሰዱና ባልመለሱ ኀላፊዎች እጅ እንዳሉ ታወቀ። ባልደረባችን ከከፈለችባቸው ከሦስቱ አንዱ ግን የተገኘው ከእኔው ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ለአንድ ስብሰባ ብዬ አስመጥቼው ረስቼዋለሁ።

መጽሐፉን ይዤ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። አልተቈጣችም። «ጋሼ፣ ገንዘቡስ ይሁን፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንባቢ ሲመጣ የለም ማለት ይቀለኝ ነበር» አለችኝ። ከዚያም ከጠረጴዛዋ አጠገብ ያለውን ሣጥን ከፍታ አሳየችኝ። ተማሪዎች አጥብቀው የሚፈልጓቸው መጻሕፍት እዚያ ውስጥ ተቈልፎባቸው ኖሯል። እኔ በሪፖርቴ ያመሰገንኩት ይህንን ነው። (ገንዘቧን ለማስመለስ ስምንት ወር ያህል መጻጻፍ አስፈልጓል፤ ለመቍረጥ ግን አንድ ፊርማ በቅቶ ነበር።)

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ታላቅ ነገር አይደለም። በአገልግሎት ብዛት የተጐዳውን፣ ተውሶ ያልተመለሰውንና በእርግጥ የጠፋውን በሦስት መዝገብ ለየን። የጐደለ መጽሐፍ የክፍሉ ሁሉ ጉዳይ ሆኖ በየሦስት ወሩ በስብሰባ እንዲነገር፣ ሠራተኛ በግል የሚጠየቀውም ጥፋቱ በማስረጃ ሲረጋገጥ ብቻ እንዲሆን ከበላይ ኀላፊዎች ጋር በጽሑፍ ተስማማን። የፋይናንስ ክፍል ባልደረቦች «ንብረቱ ባለቤት አልባ ሆነ» ብለው ተከራክረውናል፤ ሥጋታቸው ፍጹም መሠረት የለውም አልልም። አዳራሹ እንደገና በተከፈተበት የመጀመሪያ ዓመት የጐደለው መጽሐፍ በእርግጥ ጨምሯል። የውሰቱም ቁጥር ጨምሯል። እኔ በበኩሌ ሲነበብ የጠፋን መጽሐፍ ተቈልፎበት ከዳነው አስበልጣለሁ፤ ይህንንም በኦዲተር ፊት ለመናገር ዝግጁ ነኝ።

የምስጋና ወረቀትና የሻይ ግብዣ አያስፈልጉም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በአንድ እጁ የምስጋና ወረቀት፣ በሌላው የዕዳ ደብዳቤ የያዘ ሠራተኛ የትኛውን እንደሚያምን ግልጽ ነው። እንዲሁም በሌላ ክፍል አልሆን ያለው ሰው ሁሉ ወደ ቤተ መጻሕፍት እንዲዛወር ሲደረግ ዝም ብለን የምንቀበል ኀላፊዎች፣ በሙያው ሠልጥነው በዚያው ለሚሠሩት ምን እየነገርናቸው እንደሆነ ብናስብበት መልካም ነው።

ማኅበራችንን የምጠይቀው፣ መጻሕፍት ከቋሚ ዕቃ ተለይተው የሚቈጠሩበትን የአሠራር ረቂቅ አዘጋጅቶ ለሚመለከታቸው ክፍሎች እንዲያቀርብ ነው። እኛ የተጠቀምንበትን የሦስቱን መዝገብ ቅጽ አባዝቼ ይዤ መጥቻለሁ፤ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ሰኔ ሳይደርስ የምትሞክሩት ካላችሁ ጉድለቱን ብታስታውቁኝ ደስ ይለኛል፤ በተለይ ለመጽሔቶች ያዘጋጀነው ዓምድ እስካሁን በሚገባ አልሠራልንም።